ሄፓታይተስ በሒሳብ ሲሰላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቫይረስ ሄፓታይተስ፣ ማለትም በቫይረስ የሚመጣ የጉበት ሕመም፣ ሥርጭቱ በሒሳብ ሞዴል ይጠናል ሲባል ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "ሒሳብ ስለ ጉበት ምን ያውቃል?" ይላል። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩ የተናገረውን ሁሉ እንደ ትንቢት ይቀበላል። ሁለቱንም የሚመለከቱ ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሒሳብ ሞዴል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሕዝቡን በጤናው ሁኔታ መከፋፈል፣ ከዚያ ሰው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚሸጋገር መጻፍ ነው። በቧንቧ የተያያዙ በርሜሎችን አስቡ። አንደኛው ውስጥ ተጋላጮች አሉ፤ ገና ያልተያዙ ማለት ነው። ሁለተኛው ውስጥ የተያዙ፣ ሦስተኛው ውስጥ ያገገሙ። የቧንቧው ስፋት ፍጥነቱን ይወስናል።

ነገሩን የሚያወሳስበው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከተጋላጮች በርሜል የሚወጣው ፍሰት የሚወሰነው በተያዙት ብዛት ነው። የተያዙት ሲበዙ ፍሰቱ ይፈጥናል፤ ተጋላጮች ሲያልቁ ደግሞ በራሱ ይቀዛቀዛል። ወረርሽኝ የሚወጣውም የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሐሳብ በ1927 በቀመር ያስቀመጡት ከርማክ እና ማክኬንድሪክ ናቸው። ዛሬ ያሉት ሞዴሎች፣ የቱንም ያህል ቢራቀቁ፣ አብዛኞቹ የዚያ ልጆች ናቸው።

ለሄፓታይተስ አንድ ሞዴል አይበቃም?

አይበቃም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቫይረሶቹ አምስት ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። ዘመዳሞች እንኳ አይደሉም። የሚያመሳስላቸው ጉበትን ማጥቃታቸው ነው። ኤ እና ኢ በዋናነት በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ። ቢ፣ ሲ እና ዲ በደም ይተላለፋሉ። ቢ ከእናት ወደ ልጅና በግብረ ሥጋ ግንኙነትም በደንብ ይተላለፋል።

ለሞዴል ሠሪው ትልቁ ልዩነት ግን ጊዜ ነው። ኤ ሰውን ይይዛል፣ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይለቃል፣ ዳግም አይመለስም። ቢ እና ሲ ግን አሥርተ ዓመታት ምልክት ሳያሳዩ ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ለኤ የአንድ ወቅት ሞዴል ሊበቃ ይችላል። ለቢ ግን የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ፣ አንዳንዴም የሁለት ትውልድ ጊዜ መሰላት አለበት። በርሜሎቹም ይበዛሉ፤ ሥር የሰደደ ሕመም፣ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳና መጠጠር)፣ የጉበት ካንሰር ይጨመራሉ።

አር ዜሮ የሚሉት ቁጥር ምንድን ነው?

አንድ የተያዘ ሰው፣ ሁሉም ተጋላጭ በሆነበት ሕዝብ ውስጥ ቢገባ፣ በአማካይ ለስንት ሰው ያስተላልፋል? መልሱ አር ዜሮ ይባላል። ከ1 በላይ ከሆነ በሽታው ሊስፋፋ ይችላል። ከ1 በታች ከሆነ ይከስማል።

ቁጥሩ ከሦስት ነገሮች ይባዛል፦ በቀን ስንት ንክኪ አለ፣ በአንዱ ንክኪ የመተላለፍ ዕድሉ ስንት ነው፣ ሰውየው ለስንት ቀን ያስተላልፋል። ሦስተኛው በሄፓታይተስ ላይ ጉልበተኛ ነው። ሥር የሰደደ ቢ ያለበት ሰው በየቀኑ የማስተላለፍ ዕድሉ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን 30 ዓመት ቢባዛበት ድምሩ ቀላል አይሆንም።

አር ዜሮ የቫይረሱ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ያው ቫይረስ ንጹሕ ውኃ ባለበት አንድ ቁጥር፣ በሌለበት ሌላ ቁጥር ይኖረዋል።

ስንት ሰው ቢከተብ በሽታው ይቆማል?

ቀመሩ አጭር ነው። 1ን ለአር ዜሮ አካፍሉ፣ ውጤቱን ከ1 ቀንሱ። አር ዜሮ 3 ከሆነ 67 በመቶ ያህል ይመጣል። ክትባቱ 95 በመቶ ውጤታማ ከሆነ ደግሞ 70 በመቶ ሰው መከተብ አለበት።

ይህ ቀመር የማይነግረው ግን አለ፤ ከዚያ በታች መከተብም ዋጋ አለው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ማንም የመከላከል አቅም የሌለው 1,000 ሰው አለ፤ አር ዜሮ 3 ነው። ምንም ካልተደረገ ወረርሽኙ ሲያበቃ 940 ያህሉ ተይዘዋል። አሁን 500ውን አስቀድመን፣ ሙሉ በሙሉ በሚሠራ ክትባት እንከትብ። ካልተከተቡት 500 ውስጥ ድሮ 470 ይያዙ ነበር። አሁን የሚያዙት 290 ገደማ ናቸው። 180 ያህል ሰው መርፌ ሳይነካው ዳነ ማለት ነው። ሞዴል ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው እኔ የማሳየው ይህንን ስሌት ነው። ተራ መቀነስና መደመር እነዚህን 180 ሰዎች አያያቸውም።

በእውኑ ዓለምም ታይቷል። እስራኤል በ1999 ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት ብቻ ለሄፓታይተስ ኤ መከተብ ጀመረች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በሁሉም ዕድሜ ከ95 በመቶ በላይ ወረደ። አዋቂዎቹ አልተከተቡም። የሚያስተላልፉት ሕፃናቱ ነበሩ።

ንጽሕና ሲሻሻል ሄፓታይተስ ኤ ይባባሳል የሚባለው እውነት ነው?

ግራ ያጋባል፣ ግን እውነትነት አለው። ሄፓታይተስ ኤ ትንንሽ ልጆችን ሲይዝ አብዛኞቹ ላይ ምልክት እንኳ አያሳይም። አዋቂን ሲይዝ ግን ብዙውን ጊዜ ዓይን ቢጫ ያደርጋል፤ በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው ነው። አልፎ አልፎም ይገድላል።

ንጽሕና በጣም ደካማ በሆነበት ቦታ ሁሉም ሰው በልጅነቱ ይያዛል፤ ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ንጽሕናው ትንሽ ሲሻሻል የመያዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሰው ሳይያዝ ያድጋል። ያኔ ጠቅላላ የተያዦች ቁጥር ቀንሶ፣ የሚታመሙት ቁጥር ሊጨምር ይችላል። በ1988 መጀመሪያ ሻንጋይ ውስጥ በቅጡ ሳይበስል ከተበላ የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ ጋር ተያይዞ 300,000 ያህል ሰው ታመመ። ብዙዎቹ ወጣት አዋቂዎች ነበሩ፤ በልጅነታቸው ያልተያዙ።

መልሱ ንጽሕናን መተው አይደለም፤ ማንም እንደዚያ አይልም። መልሱ በሽግግሩ ወቅት ክትባት መጨመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መካከለኛ ሥርጭት ላላቸው አካባቢዎች የሚመክረው ይህንኑ ነው።

በሄፓታይተስ ቢ ሞዴሎች ውስጥ ዕድሜ ለምን ይህን ያህል ይነሣል?

ምክንያቱም እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። በኤ ጊዜ በልጅነት መያዝ ቀላል ነው። በቢ ጊዜ በልጅነት መያዝ ከሁሉ የከፋው ነው።

ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከ10 አጋጣሚ በ9ኙ የዕድሜ ልክ ተሸካሚ ይሆናል፤ ቫይረሱን ይዞት ይኖራል ማለት ነው። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ግን ከ20 አጋጣሚ በ19ኙ ገደማ ቫይረሱን ራሱ ያጸዳዋል። በመካከል ያለው ደግሞ በመካከል ነው። በ1993 ጆን ኤድመንድስና ባልደረቦቹ ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አንድ ላይ አድርገው ይህን በአንድ ከርቭ (በግራፍ ላይ ባለ ጥምዝ መስመር) አስቀመጡት። በከርቩ መሠረት በ1 ዓመቱ የተያዘ ልጅ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው። በ5 ዓመቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከርቩ ዛሬም በብዙ የቢ ሞዴሎች ውስጥ ይሠራበታል።

አሁን ይህን ወደ በርሜሎቹ መልሱት። ተሸካሚ ሲበዛ ሰው በለጋ ዕድሜው ይያዛል። በለጋ ዕድሜ የተያዘ ተሸካሚ ይሆናል። ተሸካሚ ይበዛል። ነገሩ ራሱን በራሱ ይመግባል። ግራሃም ሜድሊና ባልደረቦቹ በ2001 ያሳዩት፣ በዚህ ምክንያት በመተላለፍ ፍጥነት ጥቂት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሕዝቦች በተሸካሚ ብዛት እጅግ ሊራራቁ እንደሚችሉ ነው። አንዱ ጋ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ፣ ሌላው ጋ ከመቶ አሥር የሚያልፍ።

እሰየው የሚያሰኘው ደግሞ ክቡ ወደ ኋላም መሽከርከሩ ነው። ክትባት መተላለፍን ሲቀንስ፣ ሳይከተቡ ቀርተው የሚያዙትም ዘግይተው ይያዛሉ። ዘግይቶ የተያዘ ተሸካሚ አይሆንም፤ ቢያንስ አብዛኛው። ስለዚህ ተሸካሚነት ከክትባቱ ሽፋን በላይ በፍጥነት ይወርዳል። ታይዋን ከ1984 ጀምሮ አራስ ሕፃናትን ስትከትብ፣ 10 በመቶ ገደማ የነበረው የልጆች ተሸካሚነት በሃያ ዓመታት ውስጥ ወደ 1 በመቶ ወረደ። የልጆች የጉበት ካንሰርም አብሮ ቀነሰ።

የቢ ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልሆነ ምን ይጎድላል? በሁለተኛው ወር ቢጀመርስ?

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ የአንድ አገር መረጃ አይደሉም። 100,000 ወሊድ አለ። ከእናቶቹ 5 በመቶው፣ ማለትም 5,000፣ ቢ አለባቸው። ከነዚህ ሩቡ፣ 1,250ው፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ቫይረስ በጣም ብዙ ነው፤ ምንም ካልተደረገ ከ10 ልጆቻቸው 9ኙ ይያዛሉ። ይህ 1,125 ሕፃን ነው። የቀሩት 3,750 እናቶች የሚያስተላልፉት ለ10 በመቶ ልጆቻቸው ነው እንበል። ይህ ደግሞ 375 ነው። ድምሩ 1,500። ከእነዚህ 1,350ው የዕድሜ ልክ ተሸካሚ ይሆናሉ።

ክትባቱ በሁለተኛው ወር ቢጀመር እነዚህ ልጆች ቀድሞውኑ ተይዘዋል። መርፌው ምንም አያደርግላቸውም። የልደት ዶዙ፣ ማለትም በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት፣ የሚሽቀዳደመው ከዚህ ጋር ነው። ሆኖም በ2022 በዓለም ዙሪያ በወቅቱ ያገኙት ሕፃናት 45 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በስሌቱ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ከ1,500ው 1,125ቱ፣ ማለትም ሦስት አራተኛው፣ የመጡት ከሩቡ እናቶች ነው። "እናቶች በአማካይ 30 በመቶ ያስተላልፋሉ" ብሎ የሚጀምር ሞዴል ድምሩን በትክክል ያገኘዋል፤ መፍትሔውን ግን ይስታል። ከፍተኛ የቫይረስ መጠን ካላቸው እናቶች የሚወለዱትን ክትባቱ ብቻውን ሁሉንም አያድንም። ለነዚህ እናቶች በእርግዝና ወቅት ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው። አማካይ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ከሥሩ ማን ተደብቋል?" ብዬ ነው።

የቢ ክትባት ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ሰው ለምን አሁንም ይሞታል?

ዛሬ በሲሮሲስና በጉበት ካንሰር የሚሞተው ሰው የተያዘው ከ30 ወይም ከ50 ዓመት በፊት ነው። ክትባቱ ለእሱ አልደረሰም። ተከትበው የተወለዱት ደግሞ ገና ካንሰር የሚመጣበት ዕድሜ ላይ አልደረሱም፤ በብዙ ቦታ።

ስለዚህ ክትባት ብቻውን የወደፊቱን ሞት ይከላከላል እንጂ የሚቀጥሉትን ዓመታት አይነካም። በ2016 በኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ዓለም አቀፍ ሞዴል ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጥረቱ ባለበት ከቀጠለ ከቢ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ለሌላ ከ40 እስከ 50 ዓመት ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ከ2015 እስከ 2030 ባለው ጊዜም 20 ሚሊዮን ሰው ሊሞት ይችላል ብሎ ነበር። ክትባቱ፣ የልደት ዶዙ፣ ለእናቶች የሚሰጠው መድኃኒትና ሰፊ ምርመራና ሕክምና አንድ ላይ ቢስፋፉ ግን 7.3 ሚሊዮን ሞት ማስቀረት ይቻላል። የቅርቡን ዓመት ሞት የሚቀንሰው ምርመራና ሕክምናው ነው። በጀት ሲከፋፈል ይህ ነገር ይዘነጋል።

ሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም። ያለ ክትባት እንዴት ይገታል?

በማዳን። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የመጡት በቀጥታ ቫይረሱን የሚያጠቁ ክኒኖች በ8 ወይም 12 ሳምንት ከ95 በመቶ በላይ ሕሙማንን ያድናሉ። የዳነ ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕክምና መከላከያም ነው።

ግን ወጥመድ አለው። ከሲ የዳነ ሰው መልሶ ሊያዝ ይችላል፤ መድኃኒቱ የመከላከል አቅም አይሰጥም። በተለይ መርፌ እየተጋሩ አደንዛዥ ዕፅ በሚወስዱ ሰዎች መካከል ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በዙሪያው ካሉት አብዛኞቹ የተያዙ ከሆነ፣ አንዱን አክሞ ወደዚያው መመለስ ብዙም አይራመድም። ሞዴሎች ደጋግመው የሚያሳዩትም ተመሳሳይ የሕክምና መጠን ሥርጭቱ ከፍተኛ ከሆነበት ይልቅ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ በአንፃራዊነት ብዙ ለውጥ እንደሚያመጣ ነው።

ስለዚህ ሥርጭቱ ከፍ ባለበት ሕክምናው ብቻውን አይላክም። ንጹሕ መርፌ ማዳረስና እንደ ሜታዶን ያለ ምትክ ሕክምና (ዕፁን በሐኪም በሚሰጥ መድኃኒት መተካት) አብረው ይሄዳሉ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2017 ባወጣው ግምገማ ምትክ ሕክምና ብቻውን በሲ የመያዝ ዕድልን በግማሽ፣ በቂ ንጹሕ መርፌ ሲታከልበት ደግሞ በ74 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ሞዴሉ ውስጥ ይህ ማለት አንዱን ቧንቧ ማጥበብ፣ ሌላውን ማስፋት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ውጤቱ ከእያንዳንዱ ድምር ሊበልጥ ይችላል። እነዚህን ሰዎች "ሌላ ጊዜ ይታከማሉ" ብሎ ማቆየት በሥነ ምግባርም በሒሳብም አያዋጣም።

ግብፅ እንደ ምሳሌ ለምን ትጠቀሳለች?

ከዓለም ከባድ የሲ ሸክም ከነበረባቸው አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ሕክምና በመርፌ ነበር። መርፌዎቹ በአግባቡ ሳይጸዱ ተደጋግመው ይወጉባቸው ስለነበር ቫይረሱ በሰፊው ተዛመተ። በ2015 በተደረገ አገራዊ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ካሉት 10 በመቶው የሲ አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው፣ መያዝን የሚጠቁም ፕሮቲን) ተገኝቶባቸዋል።

የሞዴሉ ጥያቄ ቀላል ነበር። በዓመት የሚድነው ሰው በዓመት ከሚያዘውና ከሚጨመረው ይበልጣል ወይ? ካልበለጠ ድካሙ ከንቱ ነው። የሚታከመው ቁጥር ደግሞ በመድኃኒት ብቻ አይወሰንም። ስንት ሰው መያዙን ያውቃል የሚለው ይቀድማል። በክኒን የተሞላ መጋዘን ያልተመረመረን ሰው አያድንም። ብዙ ፕሮግራሞች የሚቆሙት እዚህ ጋ ነው፤ ራሳቸው ፈልገው የመጡት ታክመው ሲያልቁ ወረፋው ባዶ ይሆናል፣ ቫይረሱ ግን ውጭ አለ።

ግብፅ ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 ባለው ጊዜ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመረች። 2.2 ሚሊዮን ያህሉ አንቲቦዲ ተገኘባቸው። የተገኘውን ወደ ሕክምና ወሰዱት። በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሲን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ ላይ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። ያኔ ሲ ካለባቸው 87 በመቶው ተመርምረው፣ ከነሱም 93 በመቶው ታክመው ነበር።

ዲ እና ኢስ?

ዲ ያለ ቢ መኖር አይችልም። ስለዚህ በሞዴል ውስጥ ከቢ በርሜሎች ላይ ይቀጠላል። ቢን የሚከላከል ክትባት ዲንም ይከላከላል። ቢ ላለበት ሰው ግን ዲ ሲጨመር ጉበቱ ቶሎ ይጎዳል።

ኢ ደግሞ ውኃን ራሱን እንደ አንድ በርሜል ያስገባል። ሰው ውኃውን ይበክላል፣ ውኃው ሰውን ይይዛል፤ ሰውና ሰው ሳይገናኙ። ቫይረሱ ከገባ እስከ ምልክቱ ከ2 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በመጠለያ ጣቢያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቢጫ ዓይኖች ሲታዩ የሚቀጥለው ዙር አስቀድሞ ተይዟል። ሞዴሉ ለአስተባባሪዎች የሚሰጠው ጠቃሚ ነገር ይህ መዘግየት ነው። ውኃው ዛሬ ቢጸዳ እንኳ ሕመምተኛ ለሳምንታት መምጣቱን ይቀጥላል፤ ያ ማለት ሥራው አልሠራም ማለት አይደለም። ኢ በተለይ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ላይ ያሉ እናቶችን ይገድላል። ስለዚህ እነሱ በሞዴሉም በሆስፒታሉም ለብቻ ይቆጠራሉ።

ሞዴሉ ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ?

አብዛኞቹ ከደም ምርመራ ጥናቶች። ለምሳሌ ከ10 ዓመት ልጆች ግማሾቹ የሄፓታይተስ ኤ አንቲቦዲ ካላቸው፣ በየዓመቱ ካልተያዙት ልጆች ወደ 7 በመቶ የሚሆኑት ይያዙ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን የተቀዳ ደም የ10 ዓመት ታሪክ ይናገራል። እኔ ከዚህ ዘርፍ ዘዴዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ሌሎቹ ከሆስፒታል መዝገብ፣ ከካንሰር መዝገብ፣ ሕሙማንን ለዓመታት ከተከታተሉ ጥናቶች ይመጣሉ። በቀጥታ የማይለካው ደግሞ ሞዴሉ ያለፈውን መረጃ እስኪመስል ድረስ ይስተካከላል። ችግሩ ዝምታው ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ ሥር የሰደደ ቢ ካለባቸው ሰዎች መያዛቸውን የሚያውቁት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሲ 36 በመቶ። በሆስፒታል ቁጥር ብቻ የተሠራ ሞዴል ቀሪውን አያይም።

በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለውንስ ሒሳብ ማየት ይችላል?

ይችላል፤ እንዲያውም ከታወቁት ውጤቶች አንዱ እዚያ ነው። በ1998 አቪዳን ኒውማን፣ አላን ፔሬልሰንና ባልደረቦቻቸው ሕክምና ሲጀመር የሲ ቫይረስ በደም ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ ለክተው በቀመር ተነተኑት። ቫይረሱ ከደም ውስጥ በግማሽ የሚጠፋው በ3 ሰዓት ገደማ ነው። መጠኑ ሳይቀንስ እንዲቆይ ሰውነት በቀን ወደ አንድ ትሪሊዮን ቫይረስ ማምረት አለበት። ዝም ያለ የሚመስለው በሽታ ውስጥ ይህ ሁሉ ግርግር አለ። መድኃኒት ማምረቱን ሲያግድ የትኛው ሥራ እንደታገደ ከመውረጃው ቅርጽ ማንበብ ተቻለ። በኋላ የመጡት መድኃኒቶች ለስንት ሳምንት ይሰጡ የሚለውን ለማጥናት ይኸው አካሄድ ረድቷል።

ሁለት ሞዴሎች የተለያየ መልስ ከሰጡ የቱን ልመን?

መጀመሪያ ግምቶቻቸውን አነጻጽሩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ሒሳቡ ላይ አይደለም። አንዱ የልደት ዶዝ 90 በመቶ ይደርሳል ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው 50 ላይ ይቆማል።

ቀጥሎ ክልሉን እዩ። "12,400 ሰው ይሞታል" ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ሞዴል አያሳምነኝም። "ከ8,000 እስከ 19,000" የሚል ሐቀኛ ነው። የትኛው ግምት ሲነቃነቅ መልሱ ክፉኛ እንደሚነቃነቅ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይታመናል። ቁጥሩ ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ከተስማማ፣ ማለትም ሁለቱም ሞዴሎች "ይህ ዘዴ ከዚያ ይሻላል" ካሉ፣ ለውሳኔ ብዙ ጊዜ እሱ ይበቃል። ሞዴል "ይህ ቢደረግ ያ ይሆናል" የሚል ስሌት ነው። "ያ ይሆናል" ብቻ ብሎ የጠቀሰው ጋዜጣ ግማሹን ቆርጦ ጥሎታል።

ሞዴሉ እኔ ተይዤ እንደሆነ ሊነግረኝ ይችላል?

አይችልም። ሞዴል የሚያወራው ስለ ሕዝብ ነው። ስለ እርስዎ የሚያወራው የደም ምርመራ ነው። ምልክት የለኝም ማለት አልተያዝኩም ማለት አይደለም፤ በቢ እና በሲ ጊዜ ምልክት አለመኖር የተለመደ ነው።

በ2030 ሄፓታይተስን የማጥፋት ዕቅድ ይሳካል?

ዕቅዱ በ2016 በዓለም ጤና ጉባኤ የጸደቀ ነው። ከ2015 ጋር ሲነጻጸር አዲስ የሚያዙትን በ90 በመቶ፣ ሞትን በ65 በመቶ መቀነስ ይላል። እስከ ዜሮ ማውረድ አይደለም።

ለአንዳንድ አገሮች ይሳካ ይሆናል። ለዓለም በጠቅላላው አሁን ባለው አካሄድ አይመስልም። አዲስ ተያዦች በ2019 ከነበረው 2.5 ሚሊዮን በ2022 ወደ 2.2 ሚሊዮን ወርደዋል። ሞት ግን ከ1.1 ወደ 1.3 ሚሊዮን ወጥቷል። በቀን 3,500 ገደማ ሰው ማለት ነው። በ2022 ከቢ ጋር 254 ሚሊዮን፣ ከሲ ጋር 50 ሚሊዮን ሰው ይኖር ነበር። አዲሱ ሲቀንስ ሞቱ መጨመሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ከላይ ስለ ጊዜ ያነበበ ሰው ግን አይገርመውም።

ራሴ መሞከር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ኤክሴል ይበቃል። ሄፓታይተስ ኤን ምረጡ፤ ቀላሉ እሱ ነው። አራት ዓምድ ሥሩ፦ ተጋላጭ፣ ገና የማያስተላልፍ፣ የሚያስተላልፍ፣ ያገገመ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሳምንት ይሁን። በመጀመሪያው ረድፍ 999፣ 0፣ 1፣ 0 ጻፉ።

አዲስ ተያዦች በሳምንት፦ የሚያስተላልፉት ብዛት ሲባዛ በተጋላጮች፣ ሲካፈል ለ1,000። ከሁለተኛው ዓምድ በየሳምንቱ ግማሹ ወደ ሦስተኛው ይለፍ፤ ይህ ሁለት ሳምንት ያህል መቆየትን ይወክላል። ከሦስተኛው ሲሶው ወደ አራተኛው ይለፍ፤ ይህ ሦስት ሳምንት ነው። እንዲህ ሲሆን አር ዜሮ 3 ይሆናል። ረድፉን ወደ ታች እስከ 80 ሳምንት ጎትቱት፤ መጨረሻ ላይ ያገገሙት ወደ 950 ይጠጋሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ረድፍ 499፣ 0፣ 1፣ 500 አድርጉ። ይኼኛው ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ረድፎቹን ጨምሩ። ከላይ ያልናቸውን 290 ሰዎች በግምት ታገኛላችሁ። በሁለቱም ስሌቶች ከላይ ካልነው ጥቂት ሰው ቢተርፍ በዋናነት የሳምንቱ እርምጃ ያመጣው ነው፤ በቀን ብትሠሩት የወረርሽኙ ቅርጽ ለስላሳ ይሆናል።

ወደ ቢ ስትሸጋገሩ ተያዦችን በዕድሜ መክፈል ግድ ይሆናል። ያኔ ኤክሴሉ መጨናነቅ ይጀምራል። ፓይተን ወይም አር የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር የሚያዋጣው ከዚያ በኋላ ነው።